ከቤት ወጥታ ኩሬ የገባችን ኤሊ ለምታነሱ ልጆች

ልጆቼ፣ እኔ እንጀራዬን የምበላው በሰርግ ፎቶ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሙሽራ በሌለበት ጠዋት ግን የምገኘው ኬኒልዎርዝ ነው፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ካሉት ኩሬዎች። ሐምሌ ላይ ሎተሱ ሲፈነዳ ሰው ሁሉ አበባውን ያነሳል። እናንተ ግንዱ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን ኤሊዎች እዩ።

ከዓይኗ ኋላ ቀይ ሰረዝ ያላት ካለች አገሯ እዚህ አይደለም። ቀይ ጆሮ ኤሊ (በእንግሊዝኛ red-eared slider) ትባላለች። የሚሲሲፒ ተፋሰስ ዘር ናት፤ ወደዚህ ያመጣት የቤት እንስሳ ገበያ ነው። ስትገዛ መዳፍ ላይ ትጠፋለች። ስታድግ ቅርፊቷ 30 ሴንቲሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ዕድሜዋም ከ20 ዓመት ያልፋል። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ እሷ ገንዳ ውስጥ ትቀራለች። ከዚያ አንድ ማታ ወደ ኩሬ! አሜሪካ በፈረንጆቹ 1975 ከ10 ሴንቲሜትር በታች የሆኑትን መሸጥ ከለከለች። ምክንያቱ ግን ኩሬው አልነበረም፤ ልጆችን ያሳመመው ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። (ሕፃናቱ አፋቸው ውስጥ ይከቷቸው ነበር አሉ።)

ወደ ሥራው እንግባ። ስትጠጓት ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ያጠራቀመችውን ሙቀትም ታጣለች። ስለዚህ ረጅም ሌንስ ከሌላችሁ ራቅ ብላችሁ ትንሽ አድርጋችሁ አንሷት፤ አበባውም ውሃውም ይግባ። ለኔ እንዲያውም ያኛው ፎቶ ይበልጣል። ተንበርከኩ፣ ሌንሱ ከዓይኗ ጋር ይስተካከል። ከላይ የተነሳ ኤሊ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ካላችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ነጸብራቁ ሲጠፋ የአንገቷ ቢጫ መስመሮች ይወጣሉ። ቀዩ ሰረዝ የግድ ይታይ። ከአገሬው ኤሊዎች አንዷ ቅርፊቷ ዳር ላይ ቀይ ስላላት ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። እንድትጠጋችሁ ብላችሁ ደግሞ ዳቦ አትወርውሩ።

ከፎቶው ሥር የምትጽፉትን ግን አደራ። «ከእስር አምልጣ ነፃነቷን ያገኘች» ብሎ መጻፍ ላይክ ያመጣል። እናንተ ያያችሁት ግንድ ላይ የተቀመጠች ኤሊ ብቻ ነው። አምልጣ ይሆናል፣ ሰው ጥሏትም ይሆናል፣ እዚያው ተፈልፍላም ይሆናል። እኔ ብትጠይቁኝ አብዛኞቹ የተጣሉ ናቸው፤ ፎቶው ግን ይህን አይናገርም። የነፃነት ታሪክ ስትጽፉ፣ ቤቱ ገንዳ ማጠብ የሰለቸው አንዱ አንብቦ የራሱን ይለቃል። የተለቀቀችው ደግሞ ግንዱንም ምግቡንም ከአገሬው ኤሊዎች ጋር ትሻማለች። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2016 ወራሪ ዝርያ ብሎ የመዘገባት በከንቱ አይደለም።

ቀኑን፣ ቦታውንና ዝርያዋን ጻፉ፣ በቂ ነው። አይናቹራሊስት በሚባለው መተግበሪያ ላይ ብትጭኑት ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። የኔ ናት የሚል ሰው ከመጣ የጭንቅላቷን ጎን ጥርት አድርጎ የሚያሳየውን ፎቶ ስጡት። መስመሮቹ ከኤሊ ኤሊ ስለሚለያዩ ቤት ካለው ፎቶ ጋር ያስተያየው። መረብ ይዛችሁ አብራችሁት ውሃ እንዳትገቡ ብቻ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ መጀመሪያ ጠባቂዎቹን አነጋግሩ።