መልስ፦ ስሜን ተራራ ላይ ፍኖተ ሐሊብን (ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ነጭ የከዋክብት መንገድ) ፎቶ ማንሳት
ሰላም ወንድሜ። «የካቲት ላይ ስሜን አድሬ ፍኖተ ሐሊብን ማንሳት እችላለሁ?» ብለሃል። ትችላለህ፤ ብቻ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጥ። ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ማደሪያ ድረስ መኪና ይገባልሃል።

በጊዜ ተኛና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳ። ያኔ የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወጥቷል። ፎከሱን በእጅህ ደማቅ ኮከብ ላይ አስተካክል። ሰፊ ሌንስ ካለህ በኤፍ 2.8 (የሌንሱ ክፍተት)፣ 20 ሰከንድ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ)፣ አይኤስኦ 3200 (ለብርሃን ያለው ስሜት) ጀምር።

ዋናው ጠላትህ ብርዱ ነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው እኮ! እኔ ባትሪዬን ካሜራው ውስጥ ትቼ ተኛሁ፤ ስነሳ ሞቶ ጠበቀኝ። አሁን ብርድ ልብስ ውስጥ አቅፌው ነው የማድረው።

ከድንኳኑ ስትርቅ ለስካውቱ (አብሮህ ለሚያድረው የፓርኩ ጠባቂ) ንገረው። በጨለማ የሚንቀሳቀሰው አንተ ትሁን ወይስ ጅብ እሱ በምን ያውቃል?