ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ደሙ ከየት እንደተቀዳ ጠይቁ

ወደ ፎረንሲክ ቶክሲኮሎጂ፣ ማለትም ከአስከሬን በተወሰደ ናሙና መርዝና መድኃኒት ወደሚፈለግበት ሙያ፣ ለመግባት የምታስቡ ልጆቼ፣ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ ማሽኑ ነው። የቱ ይሻላል? ስንት ዓይነት መርዝ ይለያል? ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ናሙናው ስለሚመጣበት ብልቃጥ ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የደም ናሙና መጣልኝ። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒት በብዛት ተገኘበት። ሟቹ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ይወስድ ነበር። እኔ ቁጥሩን አይቼ ከመጠን በላይ እንደወሰደ ጻፍኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ልፈርም ስል አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ደወሉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ደሙ ከየት የተቀዳ ነው?" ብልቃጡን አገላብጬ አየሁት። "ልብ" ይላል። ከጭን ደም ሥር የተቀዳ ሌላ ብልቃጥ ነበር፤ አስመጥቼ ለካሁት። መጠኑ ከግማሽ በታች ሆነ። ላብ አጠመቀኝ። ለአንድ ቤተሰብ "ልጃችሁ ራሱን አጠፋ" ሊባል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት መድኃኒቱ ባለበት አይቆምም። በጉበት፣ በሳንባና በልብ ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ቀስ እያለ አጠገቡ ወዳለው ደም ይወጣል። ጭን ከእነዚህ ራቅ ስለሚል እዚያ ያለው ደም ያን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ ደም ከጭን እንዲቀዳ ወትውቱ።

አልኮልም ያሳስታል። አስከሬን ሲቆይ ባክቴሪያዎች ስኳሩን አብላልተው ራሳቸው አልኮል ይሠራሉ። ጠብታ ያልቀመሰ ሰው ሰክሮ የሞተ ሊመስል ይችላል። ብልቃጡ ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ የሚጨመረው ይህን ለመግታት ነው። ከዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽም ይወሰዳል፤ ባክቴሪያ ቶሎ አይደርስበትም። ሽንት ውስጥ ኢታይል ግሉኩሮናይድ ከተገኘ ደግሞ ሰውየው በሕይወት እያለ መጠጣቱን ያመለክታል። ጉበት አልኮልን ሲያጣራ የሚሠራው ነገር ነውና።

ከእሳት ቃጠሎ ለወጣ አስከሬን መጀመሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ለኩ። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በደሙ ውስጥ በብዛት ካለ፣ ሰውየው ቤቱ ሲቃጠል ይተነፍስ ነበር። ከሌለ ቀድሞ ሞቶ ሊሆን ይችላል። "ሊሆን ይችላል" ነው ያልኩት። ድንገት ቦግ ብሎ የሚነሳ እሳት ጋዙን ለመተንፈስ ጊዜ ሳይሰጥም ይገድላል።

የመጀመሪያውን የሽንት ምርመራ እንደ ጥርጣሬ ብቻ ያዙት። ለጉንፋን የሚወሰደው ሱዶኤፌድሪን እንኳ አምፌታሚን የሚባለውን አነቃቂ ዕፅ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ንጥረ ነገሮችን በሞለኪውላቸው ክብደት በሚለየው መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ሳይረጋገጥ ውጤት አትስጡ። ያም ቢሆን የሚያነበው ሰው ነው።

ይህን ስል ሁሌም አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989። ጨቅላ ልጇ በጠና ታመመ። ላብራቶሪው በደሙ ውስጥ ኢታይሊን ግላይኮል አገኘሁ አለ፤ ለመኪና ራዲያተር የሚጨመረው ፈሳሽ ማለት ነው። ሕፃኑ ሞተ። እናትየው በልጇ ግድያ ተፈርዶባት የዕድሜ ልክ እስራት ገባች። በእስር ላይ ሳለች ሌላ ልጅ ወልዳ ነበር። ያ ልጅ ከእሷ ተለይቶ እያደገ ሳለ እንደ ወንድሙ ታመመ። ሐኪሞች ሲመረምሩት ሜቲልማሎኒክ አሲዴሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ ተገኘበት። ይህ በሽታ ደም ውስጥ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ያከማቻል። የመጀመሪያው ላብራቶሪ ኢታይሊን ግላይኮል ያለው ይህንን አሲድ ነበር። በ1991 ክሱ ተነሥቶላት ነፃ ወጣች። ልጇን ቀብራ፣ ገዳይ ተብላ፣ ታስራ። ያነበቡት ባለሙያዎች ክፉዎች አልነበሩም። መርዝ እንደሚያገኙ ጠብቀው ነበር፤ የጠበቁትን አዩ።

እና አደራ፣ ስለ ሟቹ የተነገራችሁን ወሬ ከማሽኑ ፊት አርቁት። ቁጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ ግን ታሪኩን ጠይቁ። ለዓመታት ሜታዶን የሚባለውን ከሞርፊን ወገን የሆነ መድኃኒት ሲወስድ የኖረ ሰው የሚቋቋመው መጠን ለጀማሪ ሞት ነው። መልሱ ካልታወቀ "ከዚህ ናሙና መወሰን አይቻልም" ብላችሁ ጻፉ። መርማሪው ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

የተረፈውን ናሙና ደግሞ ቶሎ አትጣሉ። ቦታ ጠበበ ብለው ፍሪዘር የሚያጸዱ አሉ፤ እኔ በዚህ አልደራደርም። የዚያ ሕፃን ደም ተቀምጦ ስለነበር ነው ሌሎች ባለሙያዎች እንደገና ሊመረምሩት የቻሉት።