የአንጋፋዎቹ ሮከሮች ፈካ ያለ አልበም፦ ከድሬና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች

ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ሮሊንግ ስቶንስ «ሃክኒ ዳይመንድስ» አልበም የሚጠይቁ መልዕክቶች ተጠራቅመውብኛል። ገሚሶቻችሁ ወዳችሁታል፣ ገሚሶቻችሁ ቅር ብሏችኋል። ላልሰማው ባጭሩ ልንገረው። አልበሙ የወጣው ጥቅምት 20 ቀን 2023 ነው (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። 12 ዘፈኖች አሉት። ባንዱ የራሱን አዳዲስ ድርሰቶች በአልበም ሲያወጣ ከ2005 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። መሃል ላይ በ2016 ያወጡት የሌሎች ሰዎችን የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ዘፈኖች ነው። ይሄኛው ግን ፈጠን ያለ፣ ደስ ደስ የሚል፣ ገና በመጀመሪያው መስማት ጆሮ ውስጥ የሚቀር ሥራ ነው። ክርክሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከሳቢያን፦ «አቦ፣ እነዚህ ሰዎች ድሮ ሻካራ ነበሩ። አሁን ዘፈኑ ሁሉ ለሬዲዮ የተሠራ ይመስላል። ለገበያ ብለው ነው ወይስ አርጅተው?»

እኔ ሁለቱም አይመስለኝም። በመጀመሪያ ደረጃ ስቶንስ ቶሎ የሚያዝ ዘፈን ጠልተው አያውቁም። «ሳቲስፋክሽን» በ1965 አሜሪካም እንግሊዝም አንደኛ የወጣ ዘፈን ነው። እሱን ያስወደደው ማንም ሰው አንዴ ሰምቶ በአፉ ሊያዜመው የሚችል የጊታር ሐረግ ነው። ስለዚህ ጆሮ ገብ ዘፈን መሥራት የድሮ ሙያቸው ነው።

የተለወጠው የቀረጻው መልክ ነው። ፕሮዲውሰሩ፣ ማለትም ቀረጻውን የመራው ሰው፣ አንድሩ ዋት ይባላል። የተወለደው በ1990 ነው፤ እነ ዘፋኙ ሚክ ጃገር ባንዱን ሲመሠርቱ እናቱም ምናልባት ልጅ ነበረች። ከጀስቲን ቢበርና ከፖስት ማሎን ጋር ሠርቷል፣ ከኦዚ ኦዝቦርንና ከኢጊ ፖፕ ጋርም ሠርቷል። ማለትም የዛሬውን የፖፕ ድምፅ ያውቃል፣ የሽማግሌ ሮከሮችንም ጠባይ ያውቃል። የጃገርን ድምፅ ከፊት አስቀመጠው። የ1972ቱን አልበማቸውን «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት»ን የሰማ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል፤ እዚያ ድምፁ ከጊታሩና ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሥር ተቀብሮ ነው የሚሰማው፣ ቃሉን ለመለየት ጆሮ ማቅናት ያስፈልጋል። አዲሱ ላይ አንድም ቃል አይጠፋብህም። ዘፈኖቹም ሳይንዛዙ ወደ አዝማቹ ይገባሉ።

ቅሬታህ ግን መሠረት የለውም አልልም። አንዳንድ ቦታ ድምፁ ከልክ በላይ ታሽቶ ጠርቷል። ሁሉም መሣሪያ እኩል ጎላ ሲል ትንፋሽ ያጥረኛል። ቢሆንም ዘፈኑ ሥር ያለው እጅ የእነሱው ነው። ይህን ለማረጋገጥ የባንዱን ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስን ብቻ ነጥለህ ስማው። ሰውዬው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ዘፈኖቹን የሚጫወተው ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ከጊታሩ አውልቆ ነው። የቀሩትን አምስቱን ክሮች ምንም ሳይዝ ሲመታቸው ኮርድ (አንድ ላይ የሚስማሙ ድምፆች) እንዲሰጡ አድርጎ ይቃኛቸዋል። ከዚያ አንድ ጣት ብቻ አጋድሞ ኮርዱን ይይዛል፣ በቀሩት ጣቶቹ ደግሞ ኖታ እየጨመረ እየቀነሰ ኮርዱን ያንቀሳቅሰዋል። ያ ተቆርጦ ተቆርጦ የሚመጣ አመታት በማንም ፕሮዲውሰር አይጠፋም። እዚህ አልበም ላይም አለ።

ከባድ ሙዚቃ የሚሠራ ባንድ ወደ ቀላሉ ሲመጣ ይህ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ሜታሊካዎች በ1988 ያወጡት አልበም ላይ ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን አለ። በ1991 ግን ከፕሮዲውሰሩ ከቦብ ሮክ ጋር ሆነው ዘፈኖቹን አሳጠሩ፣ ፍጥነቱንም ቀነሱ። ከጥንት ጀምሮ ሲከተላቸው የነበረው አድማጭ ከዱን አለ። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። የሽያጩን ቁጥር ለጥራት ማስረጃ አድርጌ አይደለም የማነሳው። ዛሬም ድረስ መድረክ ላይ የሚጫወቷቸው የዚያ አልበም ዘፈኖች ስለሆኑ ነው። ቀላል ዘፈን 30 ዓመት የሚቆየው በደንብ ከተሠራ ብቻ ነው።

ከከዚራ፣ አንድ አባት፦ «ከካሴት ጊዜ ጀምሮ ሰምቻቸዋለሁ። ቻርሊ ዋትስ ከሞተ ወዲህ ስቶንስ አለ ማለት ይቻላል?»

አባቴ፣ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፣ ሐዘኑም ይገባኛል። ቻርሊ ዋትስ ከ1963 መጀመሪያ አንስቶ ነሐሴ 24 ቀን 2021 በ80 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከድራሙ አልተነሳም። የእሱ አመታት አንድ ምልክት ነበረው፤ እርስዎም ሳያውቁት ለምደውት ይሆናል። ቀኝ እጁ ሃይሃቱን (ሁለቱን ተደራራቢ ሳህኖች) ይመታል፣ ግራው ስኔሩን (ጠርቶ የሚጮኸውን ከበሮ)። ሌላው ድራመር ሁለቱን አንድ ላይ በሚመታበት ቦታ እሱ ቀኝ እጁን ያነሳዋል። ስኔሩ ብቻውን ይወድቃል። ያቺ ቅጽበታዊ ክፍተት ናት ሙዚቃቸውን ወደ ኋላ ዘና የምታደርገው።

እና የምሥራች አለኝ፤ አልበሙ ላይ እሱ ራሱ የመታባቸው ሁለት ዘፈኖች አሉ። «መስ ኢት አፕ» እና «ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ» ይባላሉ። ሁለተኛው ላይ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንዱን ለቆ የነበረው ቢል ዋይማን ቤዙን ይዟል። የድሮዎቹ ቤዝና ድራም እንደገና አብረው ማለት ነው። እርስዎ ከዚህ ዘፈን ይጀምሩ እላለሁ።

ድራም ያለባቸውን የቀሩትን ዘፈኖች የመታው ስቲቭ ጆርዳን ነው። ከሪቻርድስ ጋር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሠራ ሰው ነው። ዋትስ ታሞ ከጉዞ ሲቀር ጆርዳን እንዲተካው የተስማማው ዋትስ ራሱ ነው። ጆርዳን የበለጠ ገፋ አድርጎ፣ ጠንከር አድርጎ ይመታል። የአልበሙ መነቃቃት ግማሹ ከእሱ እጅ የመጣ ይመስለኛል። ስቶንስ አለ ወይ ላሉኝ፣ አለ። የተለየ ምት ያለው ስቶንስ ነው።

ከመጋላ፦ «ሮክ ሰምቼ አላውቅም። ከየቱ ልጀምር?»

ከ«አንግሪ» ጀምሪ፣ የመጀመሪያው ዘፈን ነው። ከዚያ ዝለይና «ስዊት ሳውንድስ ኦፍ ሄቨን»ን ስሚ። ከ7 ደቂቃ በላይ ነው፣ ግን አይሰለችም፤ ሌዲ ጋጋ ትዘፍናለች፣ ስቲቪ ወንደር ኪቦርድ ይጫወታል፣ አለቀ ስትይ እንደገና ይነሳል። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጠረን አለው። ጩኸት ካልፈራሽ «ባይት ማይ ሄድ ኦፍ»ን ጨምሪ፤ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነው እዚያ ላይ ቤዙን የሚያስጮኸው። ሌላውን በራስሽ ጊዜ።

ከሐረር ጁገል፦ «ቤተሰቦቼ ሮክ የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ ከኛ ዜማ ጋር አይገናኝም ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው?»

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ክርክሩን በቃል አትግጠሚ፣ ኪቦርድ ወይም ክራር ካለ አሰሚያቸው። የኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ሁሉም። የብሉዝ ዜማም መሠረቱ አምስት ድምፅ ነው፤ ሮክ ደግሞ ጥርሱን የነቀለው ብሉዝ ላይ ነው። ትዝታ ሜጀርን ብትወስጂ ብዙ የሮክና የካንትሪ ጊታር ሶሎ ከሚሠራባቸው አምስት ድምፆች ጋር አንድ ነው። ባቲ ማይነር ደግሞ የብሉዝ ጊታር ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመደው ስኬል ነው። ድምፆቹ አንድ ሆነው ጌጡና አካሄዱ ይለያያል። እነሱ ክሩን ጎትተው ኖታውን ያጣምሙታል፣ የኛ ዘፋኝ በጉሮሮው ያንቀጠቅጠዋል።

እዚሁ አገራችን ይህን መገናኛ ሆን ብለው የፈለጉ አሉ። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። የሚጮህ ጊታር ከሥር፣ የኛው ቅኝት ከላይ። ያኔ «ይሄ ሮክ አይደለም» ያለም ነበር፣ «ይሄ የኛ አይደለም» ያለም ነበር። ለእኔ የሁለቱም ነው።

ከዚያም ብዙ ቀደም ብሎ የእኛው ሰፈር ልጆች አሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ አፍረን ቀሎ ሲመሠረት ወጣቶቹ በኦሮምኛ ዜማ ላይ የከተማ መሣሪያ ጨመሩ። ዓሊ ቢራ ከዚያ ነው የወጣው። ድሬ ተወልዶ፣ ዑድም ጊታርም ይዞ፣ በ2022 እስኪያርፍ ድረስ የሰው አገር መሣሪያ የራስን ዜማ እንደማይነጥቅ በሥራው አሳይቷል። ለቤተሰቦችሽ መጀመሪያ ዓሊ ቢራን ክፈቺላቸው፣ ቀጥለሽ የስቶንስን ብሉዝ። መሃል ላይ ምንም አትናገሪ።

ከለገሃር፦ «አልበሙ በደስታ ሲጓዝ ቆይቶ መጨረሻው ላይ አንድ የተረሳ የሚመስል ዘፈን አለ። ምን ሊሆን ገባ?»

እሱ «ሮሊንግ ስቶን ብሉዝ» ነው። ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሰማህ፤ ሪቻርድስ በጊታር፣ ጃገር በአፍ ሃርሞኒካና በድምፁ። ዘፈኑ የብሉዝ ዘፋኙ የመዲ ዋተርስ ነው፣ እሱ የቀረጸው በ1950። ባንዱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ዘፈን ነው፣ ግን በ60 ዓመት ውስጥ ዘፍነው በአልበም አውጥተውት አያውቁም ነበር።

የባቡር ሰፈር ልጅ ስለሆንክ ይሄን ደግሞ ልንገርህ። ጃገርና ሪቻርድስ በልጅነት ይተዋወቁ ነበር፣ ከዚያ ተጠፋፉ። በ1961 ዳርትፎርድ የሚባል የባቡር ጣቢያ ላይ ተገናኙ። ጃገር በብብቱ ሸክላዎች ይዟል፣ የቸክ ቤሪና የመዲ ዋተርስ። ሪቻርድስ ሸክላዎቹን አይቶ ነው ወሬ የጀመረው። ስለዚህ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሁለቱ ብቻቸውን መቅረታቸው ታስቦ የተደረገ ነገር ነው። እኔ አልበሙ ውስጥ በጣም የምወደው እሱን ነው። ሌላው ሁሉ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ የዚህኛው ሻካራነት ጎልቶ ይሰማል።

ከአሸዋ፦ «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ግጥሙ ካልገባኝ ምን ዋጋ አለው?»

ድሬ ተወልዶ በማያውቀው ቋንቋ ሲያዜም ያላደገ ማን አለ? በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአረብኛ፣ በሂንዲ ስንቱን ዘፍነናል። እዚህ አልበም ላይ ግጥሙ ቀላል ነው። ፍቅረኛው የተቆጣችበት ሰው አለ፣ ከተማ ሰልችቶት ገጠር መግባት ያማረው አለ። ስሜቱን ከድምፁ ታገኘዋለህ።

ከድሬ፣ የአንድ ባንድ አባላት፦ «ሠርግ ላይ የምንጫወት ባንድ ነን፣ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። የራሳችንን አልበም ጀምረን ማለቅ አቃተው። ዘፈኖቻችን ረጅምና ከበድ ያሉ ናቸው፣ ‘አቅልሉት’ እየተባልን ነው። ብናቀለው ማንነታችንን አናጣም ወይ?»

መጀመሪያ ስለ ማለቁ። ስቶንስም ለዓመታት ስቱዲዮ እየገቡ፣ ጀምረው እየተዉ ነበር። ነገሩን የቋጨው ጃገር ቀን መቁረጡ ነው። እስከ 2023 የፍቅረኞች ቀን ድረስ እንጨርስ አለ፣ ሥራውም ከዚያ በኋላ ሮጠ። እናንተም ቀን ቁረጡ። የሠርግ ወቅት ሳይገባ የሚያልቅ ቀን ይሁን፣ ከገባ በኋላ አንዳችሁም ስቱዲዮ አትገኙም።

ሁለተኛ፣ የውጭ ጆሮ አምጡ። እርስ በርስ ከመለማመዳችሁ ብዛት የምትዘሉትን ስህተት ባዳ ይሰማዋል። ውድ ፕሮዲውሰር መሆን የለበትም። ከእናንተ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሙዚቃችሁን የሚወድ፣ «ይሄ ይረዝማል» ለማለት የማይፈራ አንድ አቀናባሪ ይበቃል። ሲናገራችሁ አትቀየሙት።

ስለ ማቅለሉ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። እያንዳንዱን ዘፈን ያለ ድራምና ያለ ኪቦርድ፣ በአንድ ጊታርና በአንድ ድምፅ ብቻ ተጫወቱት። ብቻውን የሚቆም ከሆነ መግቢያውን አሳጥሩለት፣ ወደ አዝማቹ ቶሎ አስገቡት፣ አንድ ሶሎ ተዉለት። ብቻውን የማይቆም ከሆነ ግን ክብደቱ ድክመት እየሸፈነ ነው ማለት ነው፤ እሱ ዘፈን ይቆይ። ሰርግ ላይ ስትጫወቱ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳው የት ጋ እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ያንን ቦታ በእያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ ፈልጉት፣ ከሁለተኛው ደቂቃ በፊት ይምጣ።

የማትነኩትንም ነገር ከወዲሁ ወስኑ። ስቶንስ ድምፁን ሁሉ ሲያድሱ የሪቻርድስን ጊታር ለሌላ ሰው አልሰጡም። እናንተ ዘንድ ያ ነገር ምን እንደሆነ ተነጋገሩ፤ የኦሮምኛው ጭፈራ ምት ሊሆን ይችላል፣ የሁለት ዘፋኝ ቅብብል ሊሆን ይችላል። ድራመራችሁ ከሆነ ደግሞ ወጪ ለመቆጠብ ብላችሁ በኮምፒውተር ምት አትተኩት። ስቱዲዮ ለድራም ስለሚያስከፍል ሌላውን እቤት ቅረጹና ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውጡት።