36 እና 19 አንድ ጥርስ ናቸው

እህቴ፣ ድንጋጤሽ ገብቶኛል። አንዱ ሐኪም ካርድሽ ላይ 36፣ ሌላው ደግሞ 19 ሲጽፍ «ሁለት ጥርስ ነው እንዴ የተበላሸብኝ?» ብለሽ መጠየቅሽ ተገቢ ነው። አይዞሽ፣ አንድ ጥርስ ነው። ሁለቱም የጻፉት ከታች በግራ በኩል ስላለው የመጀመሪያ መንጋጋሽ ነው። (አጥንቱንም ጥርሱንም መንጋጋ ስለምንል፣ እዚህ መንጋጋ የምለው ጥርሱን ነው።)

የተለያየው አቆጣጠሩ ነው። በኤፍ ዲ አይ (የዓለም የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን) አቆጣጠር አፍ አራት ቦታ ይከፈላል። የላይ ቀኝ 1፣ የላይ ግራ 2፣ የታች ግራ 3፣ የታች ቀኝ 4። ቀኝና ግራው የታካሚው እንጂ የሐኪሙ አይደለም። ከዚያ ከመሃል የፊት ጥርስ ተነስተሽ ወደ ኋላ ስትቆጥሪ የመጀመሪያው መንጋጋ 6ኛ ላይ ይውላል። ስለዚህ «ሦስት፣ ስድስት» ተብሎ ይነበባል። በአሜሪካ የተለመደው አቆጣጠር ግን ከላይ ቀኝ ጥግ 1 ብሎ ይጀምርና ዞሮ ታች ቀኝ ጥግ 32 ላይ ያበቃል። በዚያ ያንቺው 19 ነው።

ደግነቱ የአንቺ ቁጥሮች አያምታቱም፤ 36 በአሜሪካው፣ 19 ደግሞ በኤፍ ዲ አይ የለም። እኔን የሚያስፈራኝ እንደ 31 ያለው ነው። በኤፍ ዲ አይ የታች ግራ የመሃል የፊት ጥርስ፣ በአሜሪካው የታች ቀኝ ሁለተኛ መንጋጋ ማለት ነው። ጥርስ ለማስነቀል ቁጥር ብቻ ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። የጥርሱን ስም በቃላት አስጽፊ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ተሳስቻለሁ። አንዲት ታካሚ አፍ ውስጥ ቆጠርኩና 36 ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ አየና «እስቲ ማኘኪያው ላይ ያሉትን ጉብታዎች ቁጠር» አለኝ። አራት ናቸው። በመሃላቸው ያለው ሸንተረርም መስቀል ይመስላል። የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ መልክ ይኸው ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጉብታ አለው፤ ሁለቱ በምላስ በኩል፣ ሦስቱ በጉንጭ በኩል። ስንጠይቃት የመጀመሪያው በልጅነቷ ተነቅሏል። 37፣ ማለትም ሁለተኛው መንጋጋ፣ ቀስ በቀስ ወደ ፊት አዘንብሎ ቦታውን ይዞታል። ከዚያ ወዲህ ቆጥሬ ብቻ አልጽፍም። ቅርጹን አያለሁ፣ ራጁንም አያለሁ። የመጀመሪያው ሁለት ሥሮች ተራርቀው ይቆማሉ፤ የሁለተኛው ይቀራረባሉ። መጨረሻ የሚወጣው 38 ግን መልኩ ከሰው ሰው ስለሚለያይ በቅርጽ ብዙ አይታመንም።

ያቺ ሴት ጥርሷን ያጣችበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የመጀመሪያው መንጋጋ 6 ዓመት ገደማ ሲሆን ከወተት ጥርሶች ሁሉ ኋላ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል። «ቢበላሽም ይወልቃል» ብለው ይተዉታል። የማይተካው ጥርስ ግን እሱ ነው። ቤት ውስጥ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ አፉን ከፍተሽ መጨረሻ ላይ ያለውን ተመልከቺለት። ሲቦርሽም ብሩሹ እዚያ ድረስ መድረሱን አረጋግጪ።