አርኤን ነኝ፤ የትምህርት ቤት ነርስ ለመሆን ምን ይቀረኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በነርሲንግ አሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ይዤ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች የፈቃድ ፈተና አልፌ አርኤን (የተመዘገበች ነርስ) ከሆንኩ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሆስፒታል ሌሊት እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። እነሱ ሲነሱ እኔ እተኛለሁ፣ እነሱ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እኔ ለሥራ እለባብሳለሁ። አንዷ ጓደኛዬ «ስኩል ነርስ ሁኚ፣ ከልጆችሽ ጋር ወጥተሽ ከልጆችሽ ጋር ትገቢያለሽ» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ሰርቲፋይድ ካልሆንሽ አይቀጥሩሽም፣ ዓመታት ይፈጃል» አለች። ኢንተርኔት ላይ አንድ ኮርስ አግኝቼ ልከፍል ነው። ማንን ልመን? ደሞዙስ ያኖራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለኮርሱ ገና ምንም እንዳትከፍዪ። ሁለቱም ጓደኞችሽ አልዋሹሽም፤ የሚያወሩት ግን ምናልባት ስለተለያዩ ስቴቶች ነው። «ሰርቲፋይድ ስኩል ነርስ» የሚባለው አሜሪካ ውስጥ አንድ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው የስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። ለምሳሌ ፔንስልቬንያና ኒው ጀርዚ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነርስ ልክ እንደ አስተማሪ የትምህርት ሰርቲፊኬት ይኖራታል። ባችለር ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ትምህርት አለ። ሁለተኛው ብሔራዊ ፈተና ነው። ኤንሲኤስኤን ይባላል፤ የሚሰጠው የትምህርት ቤት ነርሶች የምስክር ወረቀት ቦርድ ነው። ካለፍሽ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። እሱም ባችለር ይጠይቃል። በሙያው ውስጥ ያለች ነርስ እውቀቷን የምታስመሰክርበት ነው እንጂ ገና ለምትገባ ሰው የመግቢያ በር አይደለም። የስቴት ሰርቲፊኬትንም ሆነ የሥራ ፈቃድን አይተካም። የአንቺ ኮርስ «ሰርቲፋይድ ያደርግሻል» ካለ የትኛውን እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ተዪው።

አሁን ወደ አንቺ ሰፈር እንምጣ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፦ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የትምህርት ቤት ነርሶችን የሚቀጥረው የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ሳይሆን የካውንቲው የጤና መሥሪያ ቤት ነው። ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ብትሄጂም ነርሶቹ የካውንቲው ጤና ቢሮ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የትምህርት ቤቶቹን የሥራ ማስታወቂያ ስታገላብጪ ብትከርሚ ቦታውን ላታገኚው ትችያለሽ፤ የካውንቲውን የቅጥር ገጽ ነው መክፈት ያለብሽ። ማስታወቂያውን ሙሉውን አንብቢ። ምን ዲግሪ፣ ስንት ዓመት ልምድ፣ በምን ዘርፍ እንደሚሉ ጻፊ። ጓደኛ ከሚነግርሽ ያ ወረቀት ይሻልሻል።

የትም ብትሄጂ ግን ቢኤስኤኑን (የነርሲንግ ባችለሩን) ጨርሺ። በአሶሼት ዲግሪ የሚቀጥር ትምህርት ቤት አይጠፋም፣ በተለይ የግል ትምህርት ቤቶችና በኤጀንሲ በኩል የሚቀጥሩ። ነገ ግን ቤት ብትቀይሪ፣ ባልሽ ፊላደልፊያ ሥራ ቢያገኝ፣ ያለ ባችለር በሩ ይዘጋብሻል። ለአርኤኖች የተዘጋጀው የቢኤስኤን ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል፣ እየሠራሽ ትጨርሽዋለሽ። ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን የሚባሉት የነርሲንግ ትምህርት መዛኝ ድርጅቶች እውቅና የሰጡት መሆኑን ብቻ አረጋግጪ። ደግሞ ከሆስፒታልሽ ሳትለቂ የሰው ኃይል ክፍሉን የትምህርት ክፍያ ይሸፍኑ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ሆስፒታሎች ይሸፍናሉ። ከከፈሉልሽ በኋላ ስንት ጊዜ እንድትቆዪ የሚያስገድድ ውል እንዳለው ግን ከመፈረምሽ በፊት እዪ።

ስለ ደሞዙ ልንገርሽ። በሰዓት ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል ያንሳል። የሌሊት ዲፈረንሻል (ሌሊት ለሠራ የሚጨመር ክፍያ) የለም፣ የቅዳሜና እሑድ ጭማሪ የለም፣ ኦቨርታይም የለም ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ነርሷ በአስተማሪ ደሞዝ እርከን ላይ በምትቀመጥበት ስቴት፣ በዓመት ልምድና ተጨማሪ ትምህርት በጨመርሽ ቁጥር ደሞዝሽ ያድጋል፣ ጡረታው ደህና ነው፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ይከራከርልሻል። ያ የምስክር ወረቀት ትልቅ ዋጋ የሚኖረው እዚያ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ደሞዙ ለአሥር ወር ነው ወይስ ለአሥራ ሁለት ወር ተከፋፍሎ የሚሰጠው? ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት የጤና ኢንሹራንሱ ይቀጥላል? ስንት ትምህርት ቤት ነው የምሸፍነው? የመጨረሻዋን እንዳትረሺ። ፔንስልቬንያ በሕግ ለአንድ ነርስ እስከ 1,500 ተማሪ ድረስ ይፈቅዳል፤ ይህ ቁጥር ሁለት ሦስት ሕንፃ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ቀላል ነው ብለው የሚነግሩሽን አትስሚ። ፕላስተርና በረዶ መስጠት የመሰላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ከሆስፒታል ስወጣ ያስደነገጠኝ ብቸኝነቱ ነው። ሆስፒታል አንድ ቁልፍ ስትጫኚ ክፍሉ በሰው ይሞላል። ትምህርት ቤት ሕንፃው ውስጥ ያለሽው የጤና ባለሙያ አንቺ ብቻ ነሽ። ከምሳ በፊት የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ይመጣሉ፣ የሚበሉትን ካርቦሃይድሬት ቆጥረሽ ኢንሱሊን ትሰጫለሽ። በዚያው ሰዓት ከስፖርት ሜዳ ደረቱ እያፏጨ የሚተነፍስ ልጅ ይዘውልሽ ይመጣሉ። ሌላዋ ኦቾሎኒ ነክታ ከንፈሯ ማበጥ ጀምሯል። ኤፒፔኑ (የአለርጂ መርፌው) የት እንዳለ ጨለማ ውስጥም ማወቅ አለብሽ፣ ወስነሽ ወግተሽ 911 ታስደውያለሽ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የክትባት መዝገብ፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራ፣ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ልጅ የሚጻፍ የጤና ዕቅድ፣ ከሐኪም የሚመጣ ትዕዛዝ። መዝገቡንም የሚገዛው በአብዛኛው ሆስፒታል የለመድሽው የሕክምና ምስጢር ሕግ ሂፓ ሳይሆን ፈርፓ የሚባለው የትምህርት ሕግ ነው፤ ለአስተማሪ ምን መንገር እንደምትችዪ ከመጀመሪያው ቀን ተማሪ።

ቢሆንም ሥራውን እወደዋለሁ፣ አንቺም እንድትገቢበት እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ በሁለት ነገር ላሳይሽ።

አንድ ጊዜ አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ የክትባት ካርድ ይዛ መጣች። «ይህ የውሸት ካርድ ነው፣ ልጁ ከመወለዱ ሰባት ዓመት በፊት ተከትቧል» አለችኝ። የልደት ወረቀቱ ኖቬምበር 2015 ይላል፣ ካርዱ ጥር 2008። ከአዲስ አበባ የመጣ ካርድ ነው። ጥር 2008 ማለት ጃንዋሪ 2016 እንደሆነ ማን ይንገራት? ልጁ ያንን ሁሉ ክትባት እንደገና ሊወጋ ነበር። እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ስንት እንዳለ አስቢ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም እንደዚሁ ነው። ሀገር ቤት ቢሲጂ የተከተበ ልጅ የቆዳ ምርመራው በሽታው ሳይኖርበት አለበት ሊል ስለሚችል፣ ወላጆቹ በድንጋጤ ከመድረቃቸው በፊት የደም ምርመራውን ጠይቁ የሚላቸው ሰው ያስፈልጋል።

ሌላዋ እናት ናት። ልጇ ክፍል ውስጥ ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ጠሩኝ። ቅጹ ላይ «ምንም ሕመም የለበትም» ይላል። ከሰዓት በኋላ እናቱ መጣች፣ በእንግሊዝኛ «ደክሞት ነው» አለች። በሩን ዘግቼ በአማርኛ ሳናግራት አለቀሰች። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ከሁለት ዓመት ጀምሮ ታውቃለች፣ መድኃኒትም ይወስዳል። ሰው ሰምቶ ልጄን ያገልብኛል ብላ ነው የደበቀችው። የዚያኑ ቀን የመድኃኒቱን ስም ጻፈችልኝ፣ በሳምንቱ ከሐኪሙ ዕቅድ መጣ፣ አስተማሪዎቹም ሲጥለው ምን እንደሚያደርጉ ተማሩ። ያንን ከእኔ የበለጠ የተማረ ነርስም ቢሆን በአስተርጓሚ ስልክ የሚያገኘው አይመስለኝም።

ለመጀመር በተተኪ ነርስነት ተመዝገቢ። ሆስፒታሉን ሳትለቂ በወር ሁለት ሦስት ቀን ሠርተሽ ትሞክሪዋለሽ፣ ልምድም ይሆንሻል። የልጆች ክፍል ሺፍት ካገኘሽ አትለፊው። ሲፒአርሽ ያላለፈበት ይሁን፤ አሻራና የወንጀል ነፃ ማጣሪያ ስለሚጠይቁም ጊዜ ያዢለት። ሜሪላንድ የኮምፓክት ስቴት (አንዱ ስቴት የሰጠውን የነርስ ፈቃድ ሌላው የሚቀበልበት ስምምነት አባል) ስለሆነች፣ ነዋሪነትሽ እዚያ ከሆነና ፈቃድሽ መልቲስቴት (ለአባል ስቴቶች ሁሉ የሚሠራው) ከሆነ ቨርጂኒያም ትሠሪበታለሽ፤ የትምህርት ቤት ሰርቲፊኬት ግን እንደ አርኤን ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኔ ሎስ አንጀለስ ነኝ። ባችለሬን የያዝኩት ከኢትዮጵያ ነው፣ እዚህ የካሊፎርኒያ አርኤን ፈቃድ አለኝ። ዲግሪዬ ለስኩል ነርስ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል ወንድሜ፣ ግን ለነርሲንግ ቦርድ ያስገመገምከው ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ካሊፎርኒያ የስኩል ነርስ ክሬደንሻል (የምስክር ወረቀት) የሚሰጠው የአስተማሪዎችን ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚሽን ነው። ከውጭ ሀገር የመጣ ዲግሪ እሱ በተቀበላቸው ገምጋሚ ድርጅቶች መገምገም አለበት። ባችለርና ፈቃድ ካለህ መጀመሪያ የአምስት ዓመት ጊዜያዊ ክሬደንሻል ይሰጥሃል፣ ሥራ ትጀምራለህ። በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ልምድና ኮሚሽኑ ያጸደቀውን የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ታሟላለህ፣ ከዚያ ሙሉውን ክሬደንሻል ትይዛለህ። ከሀገር ቤት ዩኒቨርሲቲህ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱን ማስላክ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ዘመድ ላክ።