ጠዋት አልነሳ የሚል የናፍጣ መኪና፦ መጀመሪያ ጭሱን እይ

ጥያቄ፦ «የጭነት መኪናዬ በብርድ ጠዋት ስንት ጊዜ ካለፋኝ በኋላ ነው የሚነሳው። ሲነሳም ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይንቀጠቀጣል። ከሞቀ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲነካ ይነሳል። ባትሪዎቹን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አሁን ኖዝሎቹ ይፈቱ እየተባልኩ ነው። ላስፈታ?»

ወንድሜ፣ ኖዝሎቹን (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩትን) ገና አታስነካ።

የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው የሚፈጠረው ሙቀት ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። በብርድ አየሩም ብረቱም ቀዝቃዛ ስለሆኑ ሙቀቱ ይጎድላል። የምታየው ነጭ ጭስ ደግሞ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ስለዚህ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ እየደረሰ ነው። ያጣኸው ሙቀት ነው።

ሙቀቱን ከሚያሳጡት አንዱ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ቀስ ብሎ ማዞሩ ነው። ባትሪ መቀየር ብቻውን ይህን አይፈታም። ኬብሉ ከዛገ አዲስ ባትሪም ምን ያድርግ? ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዝና ቮልት ላይ አድርገው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ አድርገህ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኬብል) ላይ ችግር አለ፤ ፈተህ በብሩሽ አጽዳ። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው እንዲሁ ለካ። ዘይቱንም አትርሳ። ለብርዱ የሚወፍር ዘይት ሞተሩን ይይዘዋል፤ የመኪናው መመሪያ ለዚያ ቅዝቃዜ የሚለውን ቁጥር ተከተል።

አዟዟሩ ደህና ከሆነ ጥርጣሬዬ ማሞቂያው ላይ ነው። ተነስቶ እስኪሞቅ መንቀጥቀጡ፣ አንድ ሁለት ሲሊንደር ሳይቀጣጠል እየዞረ መሆኑን ነው የሚነግረኝ። ሞተርህ ማሞቂያ ካንዴላ (ከመነሳቱ በፊት ግሎ ሲሊንደሩን የሚያሞቅ) ካለው፣ ሽቦዎቹን ንቀልና እያንዳንዱን ካንዴላ በኦም ለካ። ጤነኛው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኦም በታች ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ሁሉም ደህና ከሆኑ፣ ቁልፉ ሲከፈት ኃይል እየደረሳቸው እንደሆነ እይ፤ ሪሌው (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው) ወይም ፊውዙ ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ከባትሪ ሽቦ ስቦ መሞከር የሚወዱ አሉ። አታድርገው፣ ከ12 ቮልት በታች የሚሠሩ ካንዴላዎች ስላሉ ታቃጥላቸዋለህ።

የተቃጠለውን ካንዴላ ስትፈታ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይሁን። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍተህ ጠብቅ፣ ከዚያ መፍቻውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያልክ አላቅቀው። ታግለህ ከሰበርከው ጫፉ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ይቀርና ሥራው ሌላ ይሆናል።

ትልልቅ ሞተሮች ብዙዎቹ ካንዴላ የላቸውም፤ አየር ማስገቢያው ላይ ያለው ማሞቂያ ነው አየሩን የሚያሞቀው። እሱ ሲበራ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የባትሪው ቮልት ዝቅ ሲል ታያለህ። ንቅንቅ ካላለ እዚያ ጋ ፈልግ።

አንድ ቀን ሲዞር ምንም ጭስ ካላየህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ናፍጣ አልደረሰም። ሌሊቱን ወደ ታንኩ ተመልሶ ይሆናል። በእጅ ፓምፑ ግፋው። ብዙ ገፍተህ ሲጠነክር ወዲያው ከተነሳ፣ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ባለው መስመር አየር ይገባል። ውጭ ላይ ጠብታ አልታየም ብለህ አትዘናጋ፣ ያ መስመር የሚስብ ስለሆነ ናፍጣ ሳያፈስ አየር ያስገባል። በኃይለኛ ውርጭ ደግሞ ናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ቤንዚን አትቀላቅልበት፤ ለብርድ የተዘጋጀ ናፍጣ ሙላ።

ሰው «እስፕሬይ ንፋበት» ቢልህ እምቢ በል። እስፕሬዩ ውስጥ ያለው ኢተር (በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ) ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ያለጊዜው ሊፈነዳ፣ ፒስተንም ሊሰብር ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተስተካከለ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) አስለካ። ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆነ፣ ያኔ ኖዝሎቹ ይፈቱ፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝልም ነጭ ጭስ ያመጣል። ጭሱ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ግን የቴስታታው ጋስኬት ይታይ፣ እስኪታይም መኪናውን አታስነሳው።