ጥያቄና መልስ፦ ወገብ የሚነርተው ሂቹ ነው ወይስ ሌላ?

ስለ ተሳቢ የተላኩልኝ ጥያቄዎች ተከምረዋል። ግማሾቹ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፦ «ጉዞው ያንገጫግጨኛል፣ የትኛውን ሂች ልግዛ?» ዛሬ እነሱን ላራግፍ።

ለአዲስ ሰው ስሞቹን ላስተዋውቅ። ፊፍዝ ዊል (አምስተኛ ጎማ ማለት ነው) የሚባለው ተሳቢ የሚያያዘው መኪናው ጭራ ላይ ሳይሆን ፒካፑ ካሶኒ ውስጥ ነው። ከተሳቢው አፍንጫ ወደ ታች የወረደው ወፍራም ብረት ኪንግፒን ነው። ኪንግፒኑን የተሸከመው ክንድ ፒን ቦክስ ይባላል። ካሶኒው ውስጥ ቆሞ ኪንግፒኑን በመንጋጋው የሚነክሰው ደግሞ ሂቹ ነው። ይኸው ነው።

*

የመጀመሪያው ደብዳቤ በምሬት የተጻፈ ነው። ሰውየው 5 ቶን ገደማ የሚመዝን ተሳቢ ይጎትታል። ፍሬን ሲይዝ ከኋላ ይገፈትረዋል፣ ሲነሳ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሚስቱ አጠገቡ መቀመጥ ትታለች። በአየር የሚሠራ ፒን ቦክስ መርጦ ጨርሷል፤ ከእኔ የሚፈልገው «ግዛ» የምትል ቃል ብቻ ነው።

አልልህም ወንድሜ። ገና ነው።

መንገጫገጭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጥር ነው፤ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፈትር። ያንተ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ባብዛኛው ከባሌስትራና ከመንገዱ ይመጣል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከክፍተት ነው የሚወለደው። የሆነ ቦታ፣ ሁለት ብረቶች መካከል፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ልቅ ነገር አለ። ትንሽ ይመስላል። ግን 5 ቶን ነገር ያቺን ሦስት ሚሊ ሜትር ተንደርድሮ ሲመታህ በወገብህ ታውቃታለህ።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። ያኔ ማንንም ሳልጠይቅ ምት የሚያበርድ ጎማ (ላስቲክ) ያለበት ፒን ቦክስ ገዛሁ። አስገጠምኩ። ወጣሁ። ግፍተራው እዚያው ነው! ትንሽ ለዘብ አለ እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻ ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ አቆምኩና ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል ታኮ አደረግኩባቸው። ጓደኛዬን መሪ ላይ አስቀምጬ መኪናውን ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ እንዲነቀንቀው ነገርኩት። እኔ በጎን በኩል ራቅ ብዬ ቆሜ ሂቹን አየሁ። መንጋጋው ጥብቅ ነው፤ ኪንግፒኑ አይንቀሳቀስም። የሂቹ እግር ግን ቋ! ይላል። ሲነሳ ቋ፣ ሲመለስ ቋ። ሂቹን ካሶኒው ላይ ከተጠመዱት ሐዲዶች ጋር የሚያያይዙት አራት ፒኖች ናቸው። የገቡበት ቀዳዳ ከጊዜ ብዛት ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ጥፋቱ እዚያ ነበር። እኔ ደግሞ አህያውን ፈርቼ ዳውላውን ስመታ ከርሜያለሁ።

አንተም መጀመሪያ ይህን አድርግ። የምታየው አራት ቦታ ነው። አንድ፣ መንጋጋውና ኪንግፒኑ የሚገናኙበት፤ ኪንግፒኑ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በካሊፐር ለካው። ሁለት፣ የሂቹ ጭንቅላት ከእግሩ ጋር የሚጋጠምበት ቡሺንግ። ሦስት፣ ያልኩህ ሐዲድ። አራት፣ ፒን ቦክሱ ከተሳቢው ሻንሲ ጋር የታሰረባቸው ቡሎኖች፤ እነዚህን ፋብሪካው በጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች ነው የምታጠብቃቸው እንጂ ክንድህ እስኪዝል አይደለም። እጅህን ግን ሁለቱ ብረቶች መሐል አታስገባ፤ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ሰው መሪ ላይ እያለ ቀልድ የለም።

ክፍተት ካጣህ ወደ ፍሬኑ ሂድ። ተሳቢው ከመኪናው ዘግይቶ ፍሬን የሚይዝ ከሆነ እየገፋህ ነው። ቀድሞ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ እየጎተተህ። ጋቢና ውስጥ ያለውን የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድክ በእጅ ሞክረው። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለህ። ብዙ የተሳቢ ኤሌክትሪክ ፍሬኖች ራሳቸውን እንደማያስተካክሉም አትርሳ። ሸራው ሲበላ ሰው ካልጠበቀው ፍሬኑ አለ ይባላል እንጂ የለም። ይህንን ካላወቅክበት ለፍሬን ሠራተኛ ስጠው።

ከዚያ ጭነቱን እየው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ15 እስከ 25 ከመቶው ኪንግፒኑ ላይ ማረፍ አለበት። ውኃውንም ዕቃውንም ከአክስሉ ኋላ ከከመርከው ኪንግፒኑ ይቀልና መንጋጋው ውስጥ ይደንሳል። ሁለት ሣጥን ወደ ፊት አምጥተው የተገላገሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ከገፈተረህ፣ ያኔ ግዛ። ግን የመረጥከው በአየር የሚሠራውን ነው፣ ለእሱ ደግሞ ከታች ያለውን መልስ አንብብ።

*

«ጎማ ወይስ አየር?» ይላሉ ሌላ አንባቢ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

ጤና ይስጥልኝ። ጎማ ያለው ፒን ቦክስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን ግፍተራ ለመዋጥ ጎበዝ ነው። ጎማው ሲለጠጥና ሲመለስ ምቱን ያበርደዋል። አየር ያለው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያነጥረውን ነው የሚይዘው። ክንዱ በአየር ከረጢት ላይ ይንሳፈፋል፣ ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ እንዳይዘል ያደርገዋል። ሁለቱንም በአንድ ላይ እንሠራለን የሚሉም አሉ።

አየሩ ሥራ አለው። ተሳቢውን ካያያዙ በኋላ ክንዱ ፋብሪካው ባለው ከፍታ ላይ እስኪቆም መሙላት፣ ጭነት ሲቀየር ደግሞ ማስተካከል አለብዎ። ባዶ ከረጢት ይዞ መሄድ ተራ ፒን ቦክስ ይዞ ከመሄድ ይብሳል፤ ብረት ብረትን ይመታል። ጎማው እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም። ግን በክብደት የተመደበ ነው። ለከባድ ኪንግፒን የተሠራውን ቀላል ተሳቢ ላይ ቢገጥሙት ምንም አይለጠጥም፣ ድንጋይ ይሆንብዎታል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ኪንግፒኑ ላይ ያረፈውን ክብደት በሚዛን ያስመዝኑ። ከወረቀት ላይ አይገምቱ። በወረቀት ላይ ያለው ተሳቢው ባዶውን ከፋብሪካ ሲወጣ የመዘነው ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቤትዎን ጭነውበታል።

*

ፒን ቦክሱ የሚያርፍበት የሂቹ ሳህን ላይ ግሪስ ልቀባ ወይስ ፕላስቲክ ዲስክ ላድርግ?

ዲስክ። ልብስ አያበላሽም። ውፍረቱ ግን መንጋጋው በደንብ እንዳይዘጋ ሊያደርግ ስለሚችል ሂቹ የሚቀበለውን ልክ ግዛ። መንጋጋው ራሱ ቅባቱን አሁንም ይፈልጋል።

*

አንዲት እናት ልጃቸው ስለጠየቃቸው ነው የጻፉት፦ ይህ ነገር ለምን «አምስተኛ ጎማ» ተባለ? አራቱን ቆጥሮ አምስተኛውን አጣው።

ልጁን ወድጄዋለሁ እማማ። ስሙ ከፈረስ ጋሪ የመጣ ነው። ባለ አራት ጎማ ጋሪ እንዲታጠፍ ከፊተኛው አክስል በላይ አንድ ክብ ብረት በጀርባው ይተኛ ነበር። መሬት አይነካም፤ ግን ክብ ነው፣ ይሽከረከራል። አምስተኛ ጎማ አሉት። በኋላ በከባድ መኪናና በተሳቢ መካከል የሚቀመጠው ሳህን ያንኑ ሥራ ስለሚሠራ ስሙን ወረሰ።

ለልጁ ይህንንም ይጨምሩለት። ግሌን ከርቲስ የሚባል አሜሪካዊ የአውሮፕላን ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ኤሮካር የተባለ ተሳቢ ቤት ሠራ። ማያያዣው ምን ነበር መሰላችሁ? በአየር የተሞላ እውነተኛ ጎማ! ጎታቹ መኪና ውስጥ በጀርባው አጋድሞ የተሳቢውን ፒን መሐሉ ላይ አስቀመጠው። የመንገዱን ምት አየሩ ይውጠዋል። ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጡልን «አየር ላይ የሚንሳፈፍ» ፒን ቦክስ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት ብዙ አያንስም። ስለዚህ ልጁ አልተሳሳተም፣ አንድ ጊዜ የምር አምስተኛ ጎማ ነበረ።

*

ካሶኒዬ አጭር ነው፣ ስታጠፍ ተሳቢው የጋቢናዬን መስታወት ይነካዋል ብዬ እፈራለሁ ያልሽው እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ሜትር አምጪ። የተሳቢሽን ወርድ ለኪና ለሁለት ክፈዪው። 2.44 ሜትር ከሆነ 1.22 ይመጣል። ተሳቢው ዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ ጎኑ ከኪንግፒኑ ወደ ጋቢናው ያን ያህል ይመጣል። ከኪንግፒኑ እስከ ጋቢናው ጀርባ ያለው ርቀት ከዚህ ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ መስታወቱ አለቀለት። የተሳቢው አፍንጫ ማዕዘን ከኪንግፒኑ ወደ ፊት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል።

ሂቹን ወደ ኋላ አርቄ ልትከለው ብለሽ እንዳታስቢ። ክብደቱ ከኋላ አክስል ኋላ ካረፈ የመኪናው አፍንጫ ይነሳል፣ መሪው ይቀልብሻል። ኪንግፒኑ ከአክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ፊት ነው ቦታው። ያለሽ ምርጫ ተንሸራታች ሂች ነው። አንዱ ወርደሽ በእጅ የምትለቅቂው፣ ሌላው ስታጠፊ ራሱ ወደ ኋላ የሚሄደው። የእጁ ቀላል ነው፣ ግን ነዳጅ ማደያ ውስጥ ተቻኩለሽ ትረሺዋለሽ። አንድ ቀን። ያቺ ቀን ትበቃለች። እኔ ብሆን ራሱ የሚሄደውን እገዛለሁ።

*

ቀጣዩ ጠያቂ ተሳቢው 5 ቶን፣ ፒካፑ ደግሞ ቀላል ዓይነት ነው። የጭነት አቅሙ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት 750 ኪሎ ይላል። «የአየር ከረጢት ከኋላ ባሌስትራ ጋር ካስገጠምኩና ለስላሳ ሂች ካደረግኩ ይበቃል አይደል?» ይላል።

አይበቃም። 5 ቶን ሃያ ከመቶው 1,000 ኪሎ ነው። ሂቹ ራሱ ከብረት ከሆነ ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። አንተ አለህ፣ ቤተሰብ አለ። ከረጢቱ የመኪናውን ጭራ ያነሳልሃል፤ አክስሉን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን አያጠነክርም። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ከረጢት ስለገጠምክ አይቀየርም። ጭራው ቀና ሲል ልብህ ይረጋል፣ አደጋውም እሱ ነው። ስለ ምቾት የምናወራው ይህ ከተፈታ በኋላ ነው። ወይ ትልቅ መኪና፣ ወይ ትንሽ ተሳቢ።

*

«ፒን ቦክሴ ብየዳው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አየሁ። ጎረቤቴ በያጅ ነው፣ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።»

አይንካው! ይህንን ጮክ ብዬ ነው የምጽፈው። ስንጥቁ የታየህ ቀለሙ ላይ ነው፣ ሥሩ የት እንደደረሰ አታውቅም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ፒን ቦክሱ ላይ አይቆምም፣ ከኋላው ያለውን የሻንሲ ብረት ይዞ ይሄዳል። በጎረቤትህ ሙያ ላይ ነገር የለኝም። ግን ይህንን የተሳቢ ሻንሲ የሚያውቅ ሰው መሸፈኛውን አውልቆ ማየት አለበት። እስከዚያ ተሳቢው ባለበት ይቁም። ወደ ጋራዥ ጎትተህ አትውሰደው፤ ሠራተኛው ይምጣ።

ባለፈው ፒን ቦክሱን አስረዝሜ በብረት ኳስ ወደሚያያዝ ቀይሬዋለሁ ማለትህንም ልብ ብያለሁ። ክንዱ ሲረዝም ሻንሲው ላይ የሚያርፈው ጉልበትም ያድጋል። የሻንሲው አምራች ለዚያ ቅያሪ ፈቅዶ እንደሆነ ጠይቀሃል? ለሠራተኛው ይህን መጀመሪያ ንገረው።

*

የመገንጠያውን ገመድ ሂቹ እጀታ ላይ ላንጠልጥለው?

በፍጹም። ያ ገመድ ተሳቢው ከመኪናው ከተለየ ፍሬኑን ራሱ እንዲይዝ የሚያደርግ ነው። ሂቹ ከካሶኒው ተነቅሎ ቢሄድ ገመዱም አብሮት ይሄዳል፣ አይሳብም፣ ፍሬን የለም። መኪናው ራሱ ላይ እሰረው። የተሳቢው ባትሪም ሕይወት ይኑረው።

*

ካያያዝኩ በኋላ በትክክል መቆለፉን በምን አውቃለሁ? ከሦስት ሰዎች መጥቷል።

መጀመሪያ በዓይን፣ በባትሪ ብርሃን። የሂቹ ሳህንና የፒን ቦክሱ ሆድ መካከል ብርሃን ካየህ ኪንግፒኑ ከፍ ብሎ ነው የገባው፤ መንጋጋው አንገቱን በትክክል አልነከሰም፣ ይወጣል። ከዚያ የተሳቢውን እግር ሙሉ በሙሉ ሳታነሳ፣ ታኮውን ሳትነቅል፣ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ ይዘህ መኪናውን በቀስታ ወደ ፊት ሳበው። ካልወጣ ይዟል። ከወጣም እግሩ ስላለ ካሶኒህ ላይ አይወድቅም። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሁልጊዜ አድርገው።

*

የመጨረሻው፦ «ወደ ኋላ ሄጄ ተሳቢውን ለማያያዝ ስሞክር የካሶኒው የኋላ በር ተዘግቶ ቢሆን ችግር አለው?»

ለበሩ አለው። የእኔ በር ላይ ያለውን ስርጉድ ላሳይህ እችላለሁ።